ያረጀውን መክተፊያ እንዴት እናድሰው?

መክተፊያችሁን ከተደገፈበት ግድግዳ አንሡና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ተመልከቱት። ከገበያ ሲመጣ ደልዳላና ለስላሳ የነበረው ጣውላ ዛሬ መሐሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ፊቱ ላይ የቢላዋ ጭረት እርስ በርሱ ተጠላልፏል፤ በጭረቱ ውስጥም ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ታጥቦም የነጭ ሽንኩርት ሽታው አይለቀውም። ቲማቲም ሲቆረጥበት ውሃው መሐሉ ላይ ይጠራቀማል፤ ቢላዋው ወደ ጎድጓዳው ስለማይደርስም ሽንኩርቱ ሥሩ ሳይቆረጥ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ይነሣል።

እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰን መክተፊያ ብዙዎቻችን ወይ እንዲሁ እየተጠቀምንበት እንቆያለን፣ ወይ ጥለነው ፕላስቲክ እንገዛለን። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ይኸውም ፊቱን ልጎ ማደስ ነው። የእጅ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስኪደርቅ መጠበቁ ግን ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። ወጪው ከሁለትና ሦስት ብርጭቆ ወረቀትና ከአንድ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት አያልፍም።

ስለ ጣውላ በዚህ ጽሑፍ ማንሣታችን የሚገርማቸው ይኖሩ ይሆናል። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አራርቀው ለመውለድ ሲመካከሩ አንዱ ዓላማቸው የተወለዱት በጤና እንዲያድጉ ነው። የሕፃን ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ መነሻው ወጥ ቤት ነው።

በጭረቱ ውስጥ ምን አለ?

ዶሮ ሲገነጠል ወይም ሥጋ ሲከተፍ የሚወጣው ደምና ውሃ ወደ ጭረቶቹ ይገባል። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉትን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊይዝ ይችላል። ዶሮው ድስት ውስጥ ገብቶ ለረጅም ሰዓት ስለሚበስል ከወጡ በኩል ችግር የለም። ችግር ያለው በዚያው መክተፊያ ላይ ቀጥሎ በሚከተፈው ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ላይ ነው፤ እነዚህ እሳት አያዩም። ስድስት ወር ሞልቶት ከጡት ሌላ ምግብ መቅመስ የጀመረ ሕፃን ካለ ደግሞ፣ ለእሱ የሚፈጨው ሙዝና አቮካዶም ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው እዚያው ላይ ነው። ትልቅ ሰው አንድ ቀን ሆዱን ታሞ የሚተወውን ጀርም፣ ሕፃኑ በፍጥነት ፈሳሽ የሚያልቅበት በመሆኑ በቀላሉ አይቋቋመውም።

ሆኖም እንጨትን ያለ ጥፋቱ መውቀስ አይገባም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ዲን ክሊቨርና ባልደረቦቻቸው የእንጨትና የፕላስቲክ መክተፊያዎችን ሆን ብለው በባክቴሪያ በክለው አነጻጽረው ነበር። ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በእንጨቱ ላይ የፈሰሰው ባክቴሪያ ከፈሳሹ ጋር ወደ ውስጥ ተስቦ ከገባ በኋላ አብዛኛው ከላይኛው ፊት ተመልሶ ሊገኝ አልቻለም። በቢላዋ የተጫረ ፕላስቲክ ግን በእጅ ታጥቦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ “ፕላስቲክ ንጹሕ ነው፣ እንጨት ቆሻሻ ነው” ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ቁም ነገሩ ያለው በፊቱ ላይ ነው። ቅባትና ፍርፋሪ የተጋገረበት ጥልቅ ጭረት፣ ጣውላው ከምንም ይሠራ ከምን፣ ብሩሽም ሳሙናም አይደርሱበትም።

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ጥንቃቄው ከፍ ይላል። ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል። በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት እናት ራሷ ምንም ላይሰማት ይችላል፤ ወደ ጽንሱ ከተላለፈ ግን ውርጃ፣ ወይም የሕፃኑን ዓይንና አንጎል የሚጎዳ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም እርጉዝ ሴት ለእነዚያ ወራት ከጥሬ ሥጋና ካልበሰለ ክትፎ ብትታቀብ፣ ሰላጣዋም ሥጋ ከተከተፈበት ጣውላ ላይ ባይነሣ ይመረጣል። የታደሰ መክተፊያ ጥሬ ሥጋን ከኮሶ ያድናል ብሎ የሚያስብ እንዳይኖርም እንናገራለን፤ ኮሶው ያለው ሥጋው ውስጥ ነው።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስዱ እናቶችም አንድ ነገር ልብ በሉ። ክኒኑ የሚሠራው ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ ነው። ከዋጣችሁት 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስታወካችሁ ቶሎ ሌላ ክኒን ከዚያው ካርድ ወስዳችሁ የቀረውን እንደ ወትሮው ቀጥሉ። ትውከቱ ወይም ተቅማጡ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ ክኒኑን እንደ ረሳችሁ ስለሚቆጠር፣ መውሰዱን ሳታቋርጡ በኮንዶም እየተጠቀማችሁ ወደ ክሊኒኩ መጥታችሁ ጠይቁ። መርፌ፣ በክንድ ውስጥ የሚቀበር መከላከያ ወይም በማሕፀን የሚቀመጥ ሉፕ የምትጠቀሙ ግን በተቅማጥ ምክንያት መከላከያው አይደክምባችሁም።

የሚታደስና የማይታደስ

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጣውላው ድካማችሁን የሚመልስ መሆኑን እዩ። ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራና 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ከሆነ ደጋግሞ ይታደሳል። ከተላገ በኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢቀረው ጥሩ ነው፤ ከዚያ የሳሳ ግን ሲታጠብ ይቆለመማል። ከላይ እስከ ታች የዘለቀ ስንጥቅ ያለበትን፣ በኮላ የተጋጠመው ገጣጣሚ የተከፈተበትን፣ ሲጫኑት የሚሰረጉድ የበሰበሰ ቦታ ያለውን አትድከሙበት። ሻጋታው ላይ ላዩን ከሆነ መላጊያው ያነሣዋል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተልጎም ጥቁሩ ወደ ታች እየዘለቀ ከሄደ ጣውላው ማገዶ መሆኑ ነው። ቺፑድና ኮምፔንሳቶ ደግሞ ከመጀመሪያውም መክተፊያ መሆን አልነበረባቸውም። ከመጣበቂያ ጋር የተጨፈለቁ ወይም በስስ ንጣፍ የተደራረቡ ስለሆኑ ቢላጉ ከሥር የሚወጣው ኮላና ፍርፋሪ ነው።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ አንልም። ዋንዛ ለመላጊያ የሚመች እንጨት ነው። ወይራ ጠንካራና ከባድ በመሆኑ ጭረት ቶሎ አይዘውም፤ በሚታደስበት ጊዜ ግን በጣም የተሳለ መላጊያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል። ጽድ ለቤት ሥራ እንጂ ለምግብ አይሆንም፤ ሽታው ወደ ሽንኩርቱ ይገባል።

በእኛ ቤት ያለው መክተፊያ ጎጆ ስንወጣ የባለቤቴ እናት የሰጡን የዋንዛ ጣውላ ነው። ከዓመታት በኋላ መሐሉ ጎድጉዶ ሳየው “ይኼ ነገር አበቃለት፣ ሌላ እንግዛ” ብዬ ነበር። ባለቤቴም “የእማዬን ጣውላ ከምትጥለው አንድ ቅዳሜ ብትሠራው ምናለ?” አለችኝ። ሠራሁት፤ ነገር ግን ሦስት ስሕተት ሠራሁ። እየጻፍኩ ስሄድ በየቦታው አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ መታጠብና መድረቅ

መክተፊያውን ጨው ነስንሳችሁበት በግማሽ ሎሚ እሹት፤ ሽታውን ይቀንሳል፣ ቅባቱንም ያላቅቃል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፊቱንም ጀርባውንም ፈግፍጋችሁ እጠቡ። ከዚያ በጠርዙ አቁማችሁ፣ ነፋስ በሁለቱም በኩል እንዲያገኘው አድርጋችሁ በጥላ ሥር አድርቁት። ፀሐይ ላይ ወይም ከከሰል ምድጃ አጠገብ የቆመ እንጨት አንዱ ጎኑ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ 3 ወይም 4 ቀን ይበቃዋል፤ በክረምት አንድ ሳምንት ብትጠብቁ አታጡበትም።

የመጀመሪያ ስሕተቴ ይህ ነው። ጠዋት ታጥቦ ከሰዓት በኋላ መላግ ጀመርኩ። እርጥብ እንጨት በመላጊያ ሥር አይቆረጥም፤ ይቦጨቃል። ብርጭቆ ወረቀቱም በደቂቃ ውስጥ በእርጥብ ሰጋቱራ ተደፈነ።

መላግ

በእርሳስ በጣውላው ፊት ሁሉ ላይ የተሻገሩ መስመሮች አስምሩ። ይህ ቀላል ዘዴ ነው፤ መላጊያው የነካውንና ያልነካውን ቦታ ያሳያችኋል። መስመሮቹ መጀመሪያ የሚጠፉት ከዳርና ከዳር ነው፤ መሐሉ ላይ ያሉት እስኪጠፉ ድረስ ጎድጓዳው አልሞላም ማለት ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በጠርዙ አቁማችሁ በጣውላው ላይ ስታጋድሙ ከሥሩ ብርሃን ካያችሁ ገና ሥራ አለ።

ጣውላው እንዳይንሸራተት በሞርሳ ይታሠር። ሞርሳ ከሌለ ደግሞ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ስስ ጣውላ በምስማር መትታችሁ መክተፊያውን በእሱ ደግፉት። መላጊያው፣ ወይም አናጢዎች ፒያላ የሚሉት፣ የተሳለና ስለቱ እምብዛም ያልወጣ ይሁን። በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ግፉ፤ እንጨቱ እየተነቀለ ካስቸገራችሁ ጣውላውን አዙራችሁ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ። ትክክል ሲሄድ ፍቅፋቂው ረጅምና ስስ ሆኖ እየተጠቀለለ ይወጣል።

ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። የጎደጎደው ፊት ብቻ ስለሆነ ጀርባውን ምን አደከመኝ ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ጣውላው እንደ ሸክላ ክዳን ተቆለመመና ጠረጴዛ ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ምክንያቱን በኋላ አንድ አናጢ አስረዱኝ። አዲስ የተላገው ፊት እርጥበትን በቶሎ ይቀበላል፣ በቶሎም ይለቃል፤ ያረጀው ጀርባ ግን ዘይትና ቆሻሻ ስለደፈነው እንደዚያ አያደርግም። ሁለቱ ፊቶች እኩል ካልተነፈሱ ጣውላው ይጣመማል። ስለዚህ ከፊቱ የተነሣውን ያህል ከጀርባውም ይነሣ።

መላጊያ በቤት የሌለው ሰው መግዛት አያስፈልገውም። በሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በማሽን የሚልጉ ስላሉ በጥቂት ደቂቃ ይሠሩላችኋል። ጣውላው ላይ ማንጠልጠያ ምስማር ካለ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ምስማር የማሽኑን ስለት ስለሚያበላሽ ባለሙያው ቢቆጣ ፍርዱ የእሱ ነው። እንደ ሥጋ ቤት ጉማጅ ከግንዱ በአግድም የተቆረጠና የእንጨቱ ክብ ክብ ቀለበት ፊት ለፊት የሚታይበት መክተፊያ ግን ወደ ማሽን አይግባ። ጅማቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ ማሽኑ ሊሰባብረውና ሊወረውረው ይችላል። እሱን በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ቀስ እያሉ ማስተካከል ነው። በተሰበረ መስታወት መፋቅ የለመዱ ሰዎች አሉ፤ ስብርባሪው እንጨቱ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ለምግብ ጣውላ አንመክረውም።

ጉልበቱንም በተመለከተ አንድ ቃል። የወጥ ቤት ዕቃ ነውና የሚስት ሥራ ነው የሚል ባል ካለ፣ መላጊያውን የሚይዘው እሱ ይሁን። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የምታጠባ ሕፃን ካቀፈች ከአቧራው ራቅ ማለት ይገባታል።

ብርጭቆ ወረቀት

በብርጭቆ ወረቀት ጀርባ የተጻፈው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ እየደቀቀ ይሄዳል። በ80 ቁጥር የመላጊያውን ፋና አጥፉ፤ በ120 ቀጥሉ፤ በ220 ጨርሱ። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን የ80 ቁጥር ጭረት በ220 አይጠፋም። ወረቀቱን በእጅ ብቻ ከያዛችሁት ጣቶቻችሁ ሌላ ጎድጓዳ ስለሚፈጥሩ በትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። እንቅስቃሴው ምንጊዜም በጅማቱ አቅጣጫ ይሁን። አራቱንም ጠርዞች ጥቂት አዙሩ፤ ስለታም ጠርዝ ቶሎ ይሸረፋል። ሥራው ከቤት ውጭ ቢሆን፣ አፍና አፍንጫም በጨርቅ ወይም በማስክ ቢሸፈን ጥሩ ነው። ሕፃናት ከዚያ አካባቢ ይራቁ።

አለቀ ስትሉ አላለቀም። በእርጥብ ጨርቅ ፊቱን ሁሉ አብሱና እስኪደርቅ ጠብቁ። በእጃችሁ ስትዳስሱት እንደ ፂም ቡቃያ የሚሻክር ነገር ታገኛላችሁ። ይህ የተጫኑት የእንጨቱ ጭረሮች ውሃ ሲያገኙ ቀና ማለታቸው ነው። በ220 ቁጥር ወረቀት ቀስ ብላችሁ አንሡት። ይህን ሁለት ጊዜ ብታደርጉ በመጀመሪያው እጥበት ጣውላው አይሻክርባችሁም።

ዘይት ማጠጣት

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይታሰስ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ ባለሙያ ሴት ታውቃለች። እንጨትም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳው በዘይት ካልተሞላ በሽንኩርት ውሃና በሥጋ ደም ይሞላል።

ሦስተኛ ስሕተቴ ከቤት በተገኘ ተራ የምግብ ዘይት መቀባቴ ነው። ከወር በኋላ ጣውላው የከረመ ዘይት ይሸት ጀመር። ብዙዎቹ የምግብ ዘይቶች በእንጨቱ ውስጥ ሳይደርቁ ቆይተው ይበላሻሉ፤ ቅቤማ ይብሳል። የሚሻለው ከፋርማሲ ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ አይበላሽም። ስሙ እንዳያሳስታችሁ ተጠንቀቁ። በአንዳንድ አገር ፓራፊን የሚባለው ላምባ ነው፤ ላምባ ደግሞ መርዝ ነው። ስለዚህ የምትገዙት ከፋርማሲ፣ ለመጠጥ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ነው።

የተልባ ዘይትም ይሠራል፤ አየር ሲያገኝ ስለሚደርቅ በእንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። ነገር ግን ለምግብ የተጨመቀ መሆን አለበት። ቀለም ቤት የሚሸጠው ቶሎ እንዲደርቅ ሌላ ነገር የተጨመረበት ነው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ደግሞ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል፣ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ቫርኒሽ አትቀቡ፤ ቢላዋ ሲያርፍበት እየተሰነጠረ ወደ ምግቡ ይገባል።

የፓራፊኑን ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፤ ሲሞቅ ይቀጥንና ጠልቆ ይገባል። በንጹሕ ጨርቅ ፊቱን፣ ጀርባውንና በተለይ ሁለቱን ጫፎች አጠጡ። ጫፎቹ ከሁሉም በላይ ይጠጣሉ፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከእነሱ ነው። አሳድራችሁ ትርፉን ጥረጉና በማግስቱ ድገሙ። ሦስት ወይም አራት ቀን እንዲህ ከተደረገ በኋላ መጠጣቱን ያቆማል። ሰም የሚገኝላችሁ ከሆነ አንድ እጅ የንብ ሰም ከአራት እጅ ፓራፊን ጋር በቆርቆሮ አድርጋችሁ፣ ቆርቆሮውን በፈላ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አቅልጡ። እሳት ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት። ይህ ቅባት በመጨረሻ ሲቀባ ውሃን የበለጠ ይከላከላል።

ከታደሰ በኋላ

የሚሻለው ሁለት መክተፊያ መኖሩ ነው፤ አንዱ ለጥሬ ሥጋና ለዶሮ፣ ሌላው ለአትክልት፣ ለዳቦና ለልጅ ምግብ። ሁለተኛ መግዛት ካስቸገረና የታደሰው ጣውላ ረጅም ከሆነ ከመካከሉ በመጋዝ ቆርጣችሁ ሁለት ትንንሽ አድርጉት። የሥጋውን ጠርዝ በሞረድ ጥርስ አውጡለት፤ መብራት ቢጠፋም በእጅ ዳሰሳ ይለያል። በዓውደ ዓመት ዋዜማ ቤቱ በዘመድ ሲሞላና የሚከትፈው ሰው ሲበዛ ጥቅሙ ይታያል። አንዱን ጣውላ በሁለት ፊቱ ለሁለት ሥራ ማዋል ግን አያዋጣም፤ የሥጋው ውሃ በጠርዙ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል።

እንደ ተሠራበት ወዲያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለቱንም ፊት እጠቡና በጠርዙ አቁሙት። በሳፋ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ያን ሁሉ ድካም በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ከጥሬ ዶሮ በኋላ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽቶ የሌለው በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በአንድ ጊዜ አትጠቀሙ፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው።

ዘይቱን በየወሩ መድገም በቂ ነው፤ ብዙ በሚከተፍበት ቤት ቶሎ ቶሎ ያስፈልግ ይሆናል። ለማወቅ በደረቀው ጣውላ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆመ ዘይቱ ገና አለ። ወዲያው ከጠለቀና ጥቁር ነጥብ ከተወ በዚያው ምሽት ጨርቁንና ጠርሙሱን አውጡ።